ክረምቱን ቆማ የከረመች ኮሮላ፦ የፍሬን ዲስክ ዝገት የማጽዳት ሥራ ማስታወሻ፣ ሐዋሳ

ነሐሴ 24 ቀን 2017፣ ቅዳሜ ጠዋት

ሥራው የአጎቴን አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ የሚመለከት ነው። መኪናዋ ከሰኔ ወር ጀምሮ አሞራ ገደል አጠገብ ባለው ግቢው ውስጥ፣ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር፣ የእጅ ፍሬኗ እንደተሳበ ቆማ ከርማለች። አጎቴ ለአዲስ ዓመት ስለሚመለስ፣ ከዚያ በፊት ፍሬኗን ፈትሼ ለመንገድ ብቁ እንዳደርጋት አደራ ብሎኛል። የፊት እግሮቿ በዲስክ (ከጎማው ጋር በሚዞር ክብ የብረት ሳህን)፣ የኋላዎቹ በታምቡር (ሸራውን በውስጡ በሸፈነ ክብ ብረት) የሚያዙ ናቸው፤ ሁለቱንም ተጭኖ የሚያቆመው ንጣፍ ሸራ ይባላል።

ዛሬ ጠዋት ምንም ሳልፈታ በቸርኬው ክፍተቶች በኩል በባትሪ እያበራሁ ሁለቱን የፊት ዲስኮች ተመለከትኩ። የቀኙ ዲስክ ከዳር እስከ ዳር እንደ ተፈጨ በርበሬ ቀልቷል። የግራው ግን ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሽፋን ብቻ ነው የያዘው። የልዩነቱ ምክንያት ከአቋሟ ይታያል፤ ግራዋ በግቢው ግንብ የተከለለ ሲሆን ቀኟ ወደ ሐይቁ ያያል፤ ክረምቱን ሙሉ ከዚያ አቅጣጫ የሚመጣው ነፋስ ዝናቡን እየገፋ ቸርኬው ውስጥ ሲያስገባ ኖሯል። ስለ ፍሬን ዝገት የሚጻፈው አብዛኛው ምክር የሚመጣው በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ከሚበትኑ አገሮች በመሆኑ ጥፋቱን ሁሉ በጨው ላይ ይጥላል። እኛ ዘንድ ግን መንገድ ላይ ጨው የለም፤ የሐዋሳም ሐይቅ ውኃው ጨዋማ አይደለም። እዚህ ዲስክ የሚያዝገው ዝናብ፣ ጭቃ፣ የሌሊት እርጥበትና ከሁሉም በላይ መኪናን ያለ እንቅስቃሴ ማቆም ነው። ብረት ለመዛግ ዝናብ እንኳን አያስፈልገውም፤ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ ካለፈ ባልተሸፈነ ብረት ላይ ዝገት መሥራት ይጀምራል።

ዲስክ ለምን ያለ ቀለም ተራቁቶ ይሠራል የሚለውን አጎቴም በስልክ ጠይቆኝ ነበርና ባጭሩ ላስፍረው። ዲስኩ ካስት አይረን ከሚባለው፣ ቀልጦ በሻጋታ ከሚፈሰው ግራጫ ብረት የሚሠራ ሲሆን በውስጡ ከ3 እስከ 4 በመቶ የሚደርስ ካርቦን አለው፤ የካርቦኑም ትልቁ ክፍል በቀጫጭን የግራፋይት ቅጠሎች መልክ በብረቱ ውስጥ ተበትኖ ይገኛል። እነዚህ ቅጠሎች ሙቀት ፈጥኖ እንዲሰራጭና የፍሬን ጩኸት እንዲታፈን ይረዳሉ። የማይዝግ ብረት ብንጠቀምስ ቢባል፣ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ በእጅጉ ስለሚያንስ ክብደት ላለው መኪና አይመችም፤ ለሞተር ሳይክል ግን ይሠራበታል። ቀለም ደግሞ ሸራው በሚፋተግበት ገጽ ላይ ቢቀባ በመጀመሪያዎቹ ፍሬኖች ተፍቆ ያልቃል፤ እስኪያልቅም ድረስ ፍሬኑን ያንሸራትታል። ስለዚህ ዲስክ መዛጉ የአሠራሩ ዕዳ እንጂ የጥራት ጉድለት አይደለም።

ከሰዓት በኋላ

የእጅ ፍሬኑን ለቀቅሁት፤ ማንሻው ወረደ፣ የኋላ እግሮች ግን እንደተያዙ ቀሩ። የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ጋር በዝገት ተጣብቋል ማለት ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሞተር አስነስቶ በማርሽ ጉልበት ሊያላቅቀው ይሞክራል፤ እኔ አልመክረውም፤ ሸራው ከተለጠፈበት ብረት ተገንጥሎ ታምቡሩ ውስጥ ሊቀር ይችላል። የኋላ ጎማዎቹን በየተራ አውርጄ የታምቡሩን ዙሪያ በጎማ መዶሻ ቀስ እያልኩ መታሁት፤ ቀኙ ወዲያው፣ ግራው ትንሽ አስቸግሮ ተለቀቀ። ስለ ኋላው ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

ቀጥሎ የጎረቤት ልጆች ከኋላ እየገፉልኝ መኪናዋን በግቢው ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አስኬድኳት፤ እኔም መሪው ላይ ሆኜ ፍሬኑን ለስለስ አድርጌ ስይዝና ስለቅ ቆየሁ። ይህ ቀላል ሙከራ ለዚህ ሁሉ ሥራ መነሻ ስለሆነ ጥቂት ላብራራው። የአንድ ሌሊት ወይም የጥቂት ቀን ዝገት ከሆነ ማንም ሰው ጎማ መፍታት አያስፈልገውም፤ ሸራው ራሱ የዲስኩ ማጽጃ ነውና ከሰፈር ወጥቶ ዋናው አስፋልት እስኪደርስ ድረስ ጥቂት ጊዜ ፍሬን መያዝ ይበቃል። መታየት ያለበት ዝገቱ መኖሩ ሳይሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ የት የት ሳይነሣ እንደቀረ ነው። የግራው ዲስክ ከጥቂት ምልልስ በኋላ በሁለቱም ገጹ ብረትማ መልኩን አወጣ። የቀኙ ዲስክ ግን በውስጠኛው ገጹ ሲጸዳ በውጨኛው ገጹ ላይ አንዲት ቀጭን የብርሃን መስመር ብቻ ታየች፤ የቀረው እንደነበረ ቡናማ ነው።

የዚህ መኪና ካሊፐር (ሸራዎቹን ከሁለት በኩል በዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) በፍሬን ዘይት ግፊት የሚሠራ አንድ ፒስተን ብቻ ያለው ተንሸራታች ዓይነት ነው። ፒስተኑ የውስጠኛውን ሸራ በቀጥታ ይገፋል፤ የውጨኛው ሸራ የሚጫነው ካሊፐሩ ራሱ በሁለት ፒኖች ላይ ወደ ውስጥ ሲንሸራተት ነው። የውስጡ ገጽ ጸድቶ የውጩ ከቀረ፣ ካሊፐሩ አልተንሸራተተም ወይም የውጨኛው ሸራ በማረፊያው ላይ ተነክሶ ቀርቷል ማለት ነው። ስለዚህ ዲስኩን በመፋቅ ብቻ የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ ነገ ቀኙ ይፈታል።

ነሐሴ 25፣ እሑድ

ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፌ፣ መኪናዋ መሬት ላይ እያለች የቀኙን ጎማ ዳዶዎች በ21 ቁልፍ አላላሁ፤ ከዚያ በክሪክ አንሥቼ ከሥር የብረት ደጋፊ አቆምኩ። በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር እጅም ሆነ እግር ማስገባት አይገባም፤ በተለይ የሐዋሳ ግቢ አፈር አሸዋማ ስለሆነ የክሪኩ እግር ቀስ በቀስ ይሰጥማል። ከክሪኩም ከደጋፊውም ሥር ሰፋ ያለ ጣውላ አስገባሁ። ዳዶዎቹ ከወጡም በኋላ ቸርኬው ከማዕከሉ (ዲስኩና ቸርኬው ከሚታሰሩበት የሚዞር ብረት) ጋር በዝገት ተጣብቆ አልላቀቅ ስላለ ከጀርባው በኩል በተረከዜ ግራና ቀኝ እየመታሁ አስለቀቅሁት።

የካሊፐሩ ብሎኖች በ14 ቁልፍ የሚፈቱ ናቸው። የታችኛው ብሎን ሲፈታ ፒኑም አብሮት ይዞር ስለነበር ፒኑን በሌላ ቁልፍ ይዤ ፈታሁት። ካሊፐሩን አውርጄ በሽቦ ከሞላው ጥምዝ ብረት ላይ ሰቀልኩት፤ በዘይት ቱቦው ማንጠልጠል ቱቦውን ከውስጡ ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ጉዳቱም ከውጭ አይታይም።

ችግሩ ወዲያው ተገለጠ። የላይኛው ፒን በጣት ሲገፋ ወጣ ገባ ይላል፤ የታችኛው ግን ደርቆ ቆሟል። የጎማ ሽፋኑ ከጫፉ ላይ ተላቆ ስለነበር ውኃ ገብቶ፣ ግራሶው ጭቃ የመሰለ ነገር ሆኗል። የውጨኛውን ሸራ ስጎትተው አልመጣም። ሸራው የተለጠፈበት ብረት ግራና ቀኝ ጆሮ አለው፤ ጆሮዎቹ በመያዣው (ካሊፐሩ በፒኖቹ በተቀመጠበት ቋሚ ብረት) ላይ ባሉ ሁለት ቀጫጭን የብረት ቅርፊቶች ውስጥ ይንሸራተታሉ። ቅርፊቶቹ ራሳቸው አይዝጉም፤ ከሥራቸው ያለው የመያዣው ብረት ግን ይዝጋል፤ ዝገት ደግሞ ከወጣበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቅርፊቱን ከታች እየገፋ ወደ ሸራው ጆሮ ያስጠጋዋል። በመጨረሻ ጆሮው የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ይጠፋል። ሸራውን በካቻቢቴ ጫፍ እያነቃነቅሁ ሳወጣው ከቅርፊቱ ሥር ጥቁርና ቡናማ የተደራረበ የዝገት ሽፋን አብሮ ወደቀ፤ አንዱን ቁራጭ አንሥቼ በጣቶቼ መካከል ስሰብረው እንደ ቀጭን ብስኩት ተሰበረ። መኪናዋን ያስቸገረው ይህ ማንም አላፊ አግዳሚ በቸርኬው በኩል የማያየው ዝገት ነው፤ ያ ዓይን የሚስበው ቀይ ሽፋን አይደለም።

ዲስኩም ከማዕከሉ አልላቀቅ አለ። እዚህ ላይ መዶሻ የሚያነሣ ሰው ብዙ ነው፤ የቶዮታ ዲስክ ግን መሐሉ ላይ ጥርስ የወጣላቸው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ ለምን እንደሆኑ ብዙ ባለመኪና አያውቅም። 8 ሚሊሜትር ውፍረትና 1.25 የጥርስ ርቀት ያላቸው ሁለት ብሎኖች አስገብቼ ተራ በተራ ሩብ ሩብ ዙር አጠበቅሁ፤ ጥቂት ቆይቶ ዲስኩ ቋ ብሎ በራሱ ተነሣ። ብረት ላይ የደረሰ ምት የለም፤ ኩሽኔታውም አልተጎዳ።

በዚያው ቀን፣ ስለ ማጽዳቱ

ከማጽዳት በፊት ስለ ብናኙ አንድ ነገር። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ የሚባል ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን ያለባቸው ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ የዛሬዎቹም ብናኝ ቢሆን ለሳንባ ስለማይበጅ፣ በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ክልክል ነው ብዬ ነው የምሠራው። ሁሉንም በሳሙና ውኃ በተነከረ ጨርቅ አርሼ ጠረግኩ፤ ማስክም አደረግሁ። ውኃ ማድረጉ በኋላ ላይ ማድረቅን ይጠይቃል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

መጀመሪያ የዲስኩን ውጨኛ ዳር ያዝኩ። ሸራው የማይደርስበት የዳሩ ጠርዝ ላይ ዝገቱ ተቆልሎ ከፍ ያለ ከንፈር ሠርቷል፤ ይህ ከንፈር ወደ ሸራው መንገድ ሲያድግ ሸራውን ከዲስኩ ገጽ ያርቀዋል፤ ጩኸትም ያመጣል። የላላውን በትንሽ መዶሻ ቀስ ቀስ እያልኩ አራገፍኩ፤ የጠነከረውን በሞረድ ወረድኩበት። ሁለቱን ገጾች የሚለያየው የአየር መተላለፊያ ውስጥ ያለውን ዝገት ግን ልቅ የሆነውን ብቻ አራግፌ የቀረውን ተውኩት፤ ከዚያ ውስጥ ብርሃን የመሰለ ብረት ማውጣት ድካም ብቻ ነው።

የመፋተጊያውን ገጽ በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁት። ወረቀቱን በጠፍጣፋ የእንጨት ቁራጭ ላይ ጠቅልዬ፣ መስመሮቹ እርስ በርሳቸው እንዲቆራረጡ አድርጌ በትንንሽ ክብ እንቅስቃሴ ፋቅሁ። እንጨቱ ያስፈለገው የጣት ጫና አንድ ቦታ ላይ ጠልቆ ጎድጓዳ እንዳይሠራ ነው። አንድ ወዳጄ ግራይንደር ሊያውሰኝ ፈልጎ ነበር፤ አመስግኜ መለስኩት። ግራይንደር ዝገቱን በደቂቃዎች ያነሣል፤ ነገር ግን የዲስኩን ውፍረት አንዱ ቦታ ላይ በመቶኛ ሚሊሜትሮች ያሳንሰዋል፤ ፍሬን ሲያዝ ፔዳሉ እግርን የሚያርገፈግፈው ከዚህ በሚመጣ የውፍረት መለያየት ነው።

ስለ አሲድም ተጠይቄያለሁ። የባትሪ አሲድ ቀብተው የሚያጸዱ አሉ፤ ዝገቱን እንደሚበላ ሁሉ ብረቱንም ይበላል፤ በዓይንና በቆዳ ላይ ያለው አደጋም ከጥቅሙ ይበልጣል። አቼቶ የዋህ ነው፤ በአንድ ሌሊት ቀለል ያለ ዝገት ያነሣል፤ በመጠነኛ ጥንቃቄም ይሠራበታል። ሆኖም ዲስኩን ነክሮ ማሳደር ግራፋይቱ ገጹ ላይ ጥቁር ሆኖ እንዲቀር ስለሚያደርግ መልሶ መፋቁ አይቀርም። ስለዚህ አቼቶውን የተጠቀምኩት ለዳዶዎቹና ለመያዣው ብሎኖች ብቻ ነው፤ ጠዋት አውጥቼ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ዝገትን ወደ ጥቁር ሽፋን የሚለውጡ በጠርሙስ የሚሸጡ ፈሳሾችም አሉ፤ ለቸርኬ መቀመጫና ለዲስኩ መሐል ይጠቅማሉ፤ ሸራው በሚነካው ገጽ ላይ ግን ምንም ዓይነት ሽፋን፣ ዘይትም ሆነ ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ፣ መድረስ የለበትም።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የሰጠሁት ዲስኩ የሚያርፍበትን ማዕከል ነው። እዚያ የቀረች ትንሽ የዝገት ጉብታ ዲስኩን ከመሐሉ ታዛንፈዋለች፤ መሐሉ ላይ ያለው መዛነፍ ዳሩ ላይ ሲደርስ ይበዛል። ለእንዲህ ዓይነት መኪና የሚፈቀደው የዳር መወዛወዝ 0.05 ሚሊሜትር ነው፤ ይህም ከአንድ ወረቀት ውፍረት ያነሰ ነው። በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት፣ በብሎኖቹ ሥር ዙሪያ ያለውን ጠባብ ቦታ ሳይቀር ብረቱ እስኪታይ አጸዳሁት።

ጳጉሜን 1፣ ቅዳሜ

በሳምንቱ ውስጥ ምሽት ላይ ግራውን ፈታሁት፤ ፒኖቹ ነፃ ናቸው፣ ዲስኩም ቀላል መፋቅ ብቻ በቃው። ዛሬ ሁለቱንም ዲስኮች ለካሁ። የቬርኒየር መለኪያ ጥርሶች በዳሩ ከንፈር ላይ ስለሚያርፉ ውፍረቱን አሳድገው ያሳያሉ፤ ስለዚህ በሁለቱም ገጽ ላይ እኩል ውፍረት ያላቸው ሮንዴላዎች ይዤ ለክቼ የሮንዴላዎቹን ውፍረት ቀነስኩ። ግራው 21.3፣ ቀኙ 21 ሚሊሜትር ሆነ። በዲስኩ ላይ የተቀረጸው ዝቅተኛ ውፍረት 20 ሚሊሜትር ነው።

በቀኙ ዲስክ ውጨኛ ገጽ ላይ፣ ሸራው ክረምቱን ሙሉ ተደግፎ በቆየበት ቦታ፣ የሸራው ቅርጽ ያለው ጥላ ቀርቷል። ጥፍሬን ስጎትትበት በጥቂት ቦታ ትንንሽ ጉድጓዶች ይሰማሉ። እርጥብ ሸራ በዲስኩ ላይ ተለጥፎ ሲቆይ ውኃውን አፍኖ ይይዛል፤ ገላጣው ገጽ በደረቀበት ቀን እንኳን ያ ቦታ አይደርቅም።

የዲስኩ ገጽ በቶርኖ ይላጥ ወይስ አይላጥ የሚለውን ለመወሰን ዲስኮቹን ይዤ መናኸሪያ አካባቢ ወዳለ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ዲስኩን በማይክሮሜትር ዙሪያውን ለኩት፤ በወፍራሙና በቀጭኑ ቦታ መካከል ያለው ልዩነት 0.01 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ያ ለፔዳል መርገፍገፍ የሚያበቃ አይደለም።

«ጋሼ፣ ጉድጓዶቹ እንዲጠፉ ስንት መውረድ ይኖርበታል?» አልኳቸው።

«ከየገጹ አራት ነጥብ» አሉ፤ ከአንድ ሚሊሜትር ዐሥር እጅ አራቱን ማለታቸው ነው። «እኔ ልልጥልህ እችላለሁ ልጄ፤ ገንዘብ አገኝበታለሁ። ግን ሃያ ላይ ሊገባ ሁለት ነጥብ ብቻ ይቀረዋል። ለከርሞ ክረምት ምን ልትልጥ ነው?»

ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ከ21 ላይ 0.8 ሲነሣ 20.2 ይቀራል። ቀጭን ዲስክ ሙቀት የሚይዝበት ብረት ስለሚያንሰው ፈጥኖ ይግላል፤ በተጨማሪም ቀኙን ብቻ ልጦ ግራውን መተው አይገባም፤ ሁለቱም በአንድ ላይ መላጥ ነበረባቸው። ጉድጓዶቹ ጥቂትና ጥልቀት የሌላቸው ስለሆኑ፣ ሸራው እያደር ገጹን ሲወርድ አብረው እየደበዘዙ ይሄዳሉ። ከዳሩ ላይ በሞረድ ያልወረደውን ከንፈር ብቻ በቶርኖ እንዲያነሡልኝ ተስማማን። አዲስ ዲስክ መግዛትም አንድ አማራጭ ነበር፤ ዲስኩ ስንጥቅ ቢኖረው ወይም ጉድጓዱ አብዛኛውን ገጽ ቢሸፍን ኖሮ ሳላመነታ እገዛ ነበር።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ዕለቱ ሩፋኤል በመሆኑ ዝናቡ እንደሚመጣ ሁሉም ይጠብቃል፤ እኔም ቀድሜ ለመግጠም ተነሣሁ። ዝናቡ ግን ቀደመኝ። የሰፈሩ ልጆች «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ በዝናቡ ሲዘሉ እኔ ዲስኮቹን በረንዳው ላይ በጨርቅ ስሸፍን ነበር። ከጣራው የተንጠባጠበ ውኃ ከጨርቁ ያመለጠውን አንዱን ዳር ነካው፤ እኔም ሳልጠርገው አስተዋልኩት። ጠብታዋ ንጹሕ ግራጫ ብረት ላይ ክብ ሆና ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ወደ ብጫ፣ ከዚያም ወደ ቡናማ የሚያደላ ቀለበት ታየባት፤ መሐሏ ግን ግራጫ እንደሆነ ቆየ። በጠብታዋ ዳር ላይ ኦክስጅን በቀላሉ ስለሚገኝ፣ መሐሏ ላይ ደግሞ ስለሚያንስ፣ ብረቱ የሚሟሟው ከመሐል ነው፤ ዝገቱ የሚከማቸው ግን በሁለቱ መካከል ነው። ይህን የኦክስጅን ልዩነት የሚያመጣውን ዝገት በጠብታ ሙከራ ያሳየው የካምብሪጁ የዝገት ተመራማሪ ዩሊክ ኤቫንስ ነው። ጨርቅ ተደግፎበት ወይም ሸራ ተጭኖት የቆየ ቦታ ከገላጣው ይልቅ ለምን እንደሚጎደጎድም በዚሁ ይገባል፤ አየር በቸገረበት ቦታ ብረቱ ይሰዋል። ቀለበቱን በብርጭቆ ወረቀት በአንድ ጊዜ አነሣሁት።

ዝናቡ ሲያባራ ገጠምኩ። ዲስኮቹን በሳሙና ውኃ አጥቤ፣ ወዲያው አድርቄ፣ በአልኮል በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጨርቁ ጥቁር መያዝ እስኪያቆም ወለወልኳቸው። ከዚያ በኋላ ገጹን በባዶ ጣት አልነካሁም። ፒኖቹን በጨርቅ ብቻ አጸዳሁ፤ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ልባጣቸውን ያነሣዋል። ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ ላይ በጠቀለልኩት ጨርቅ ጠርጌ፣ የተላቀቀውን የጎማ ሽፋን በአዲስ ለውጬ፣ ለፍሬን የተዘጋጀውን ሲሊኮን ግራሶ ስስ አድርጌ ቀባሁ። ተራው የኩሽኔታ ግራሶ እዚህ አይገባም፤ ከማዕድን ዘይት የሚሠራ ስለሆነ ጎማውን ያሳብጠዋል፤ ፒኑም መልሶ ይነክሳል። የመያዣውን የቅርፊት ማረፊያ እስከ ብረቱ ከፋቅሁ በኋላ ሸራዎቹ በጣት ግፊት ብቻ ገብተው መንሸራተት ጀመሩ። መለኪያዬ ይህ ነው፤ መዶሻ የሚጠይቅ ሸራ በትክክል አልገባም።

ሸራዎቹ 6 ሚሊሜትር ያህል ስለቀራቸው አልተለወጡም፤ ገጻቸውን በጠፍጣፋ መሬት ላይ በተዘረጋ የብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጌ ብቻ አሸሁት። ፒስተኑን ወደ ውስጥ ከመግፋቴ በፊት ከፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ላይ ትንሽ ቀዳሁ፤ ያለበለዚያ ዘይቱ ሞልቶ ይፈስና የመኪናውን ቀለም ይልጣል። የጎማ ዳዶዎቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ በተዋስኩት የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ፣ በ103 ኒውተን ሜትር አጠበቅሁ። ጋራዥ ውስጥ ቧንቧ በቁልፉ ላይ አስረዝሞ በሙሉ ክብደት መርገጥ የተለመደ ነው፤ ያላግባብ የጠበቀ ዳዶ ግን ዲስኩን ራሱ ያጣምማል።

መኪናዋ ከመንቀሳቀሷ በፊት ፔዳሉን ጠንክሮ እስኪቆም ደጋግሜ ረገጥኩ። ፒስተኑ ወደ ኋላ የተገፋ ስለሆነ የመጀመሪያው ርግጫ ምንም አይይዝም፤ ይህን የረሳ ሰው ከግቢው በር ላይ ይላተማል።

መስከረም 3 ቀን 2018፣ ቅዳሜ

በዓሉ አልፎ መንገዱ ጸጥ ባለበት በማለዳ ከአጎቴ ጋር ወጣን። በጥቁር ውሃ በኩል ያለው ሰፊ አስፋልት ገና ባጃጅ አልበዛበትም ነበር። በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ወደ 15 ገደማ ጠበቅ ባለ ፍሬን እየወረድኩ፣ ሙሉ በሙሉ ሳላቆም እንደገና እያፈጠንኩ፣ በየመካከሉም ለማብረጃ የሚሆን መንገድ እየሄድኩ ደጋገምኩት። ከኋላ መኪና አለመኖሩን በመስታወት ሳያረጋግጡ ይህን ማድረግ አይቻልም። የዚህ ሥራ ዓላማ ሸራው በዲስኩ ገጽ ላይ ስስና እኩል ሽፋን እንዲያስተላልፍ ነው፤ ሲግል አቁሞ ፔዳል ረግጦ መቆየት ሽፋኑን አንድ ቦታ ላይ ያትመዋልና በመጨረሻ ሳንቆም እየተንሸራተትን አበረድነው።

መጀመሪያ ላይ ከቀኝ በኩል ሸካራ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። መሪው ወደ አንዱ ጎን አልጎተተም። ስንቆም መዳፌን ወደ ሁለቱ የፊት ቸርኬዎች አስጠጋሁ፤ ሙቀታቸው ተቀራራቢ ነው። አጎቴ «በፊት ቀኙ ይብስ ነበር» አለኝ፤ ለካ ከክረምቱ በፊትም ፒኑ መንከስ ጀምሮ ነበር። የቀኙ ዲስክ ውጨኛ ገጽ አሁን ከጥቂት ነጠብጣብ ጉድጓዶች በስተቀር ሙሉ በሙሉ ጸድቷል።

ቤት ስንመለስ ፎልክስዋገን አይዲ 4 የተባለውን የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዳው ጎረቤት የእርሱም ዲስክ ሁልጊዜ ቡናማ እንደሆነ አንሥቶ ጠየቀኝ። መንግሥት በጥር 2016 የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ይህ ጥያቄ እየበዛ የሚሄድ ይመስለኛል። የኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነቱን በአብዛኛው የሚቀንሰው ሞተሩን እንደ ጄኔሬተር ተጠቅሞ ባትሪውን እየሞላ ስለሆነ ሸራው ዲስኩን የሚነካው በጥቂቱ ነው፤ ዝገቱን የሚጠርግለት አያገኝም። የአይዲ 4 የኋላ ፍሬን ታምቡር የሆነውም ያለ ነገር አይደለም፤ ታምቡር የተሸፈነ ስለሆነ ባይሠራበትም እንደ ዲስክ ለዝናብ አይጋለጥም። ለጎረቤቴ ያልኩት በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ፣ መንገዱ ሲፈቅድ፣ ፔዳሉን ጠበቅ አድርጎ እንዲይዝ ነው። እንዲያም ሆኖ የካሊፐሩ ፒን በየጊዜው ተፈትቶ መታየቱን አይተካም።

ከአጎቴ ጋር የተስማማነው የሚከተለውን ነው። መኪናዋን ከሳምንት በላይ የሚያቆም ከሆነ የእጅ ፍሬን አይስብም፤ ማርሽ አስገብቶ ጎማዎቹን በድንጋይ ያስደግፋል። ከላቫጆ ሲመለስ በቀጥታ ግቢ አያስገባም፤ ዲስኩ በራሱ ሙቀት እስኪደርቅ ጥቂት ነድቶ፣ ፍሬን እየያዘ ይመለሳል። የመኪናዋም አቋም ይዞራል፤ ቀኟ ወደ ግንቡ ይሆናል።

የቀረኝ የፍሬን ዘይቱ ነው። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ጠቁሯል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የማይፈላው፣ ውኃ ሲገባው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል፤ ያው ውኃ የፒስተኑንም ገጽ ከውስጥ ያዝጋል። የሚመጣው ቅዳሜ አራቱንም እግር በየተራ አስተንፍሼ እለውጠዋለሁ፤ ያኔ የቀኙን ፒን ሽፋን በቦታው መቀመጡን አብሬ አያለሁ።